ትራስ የከለከለችን እትዬ ቀና

የታጠበ ፋሻ ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠቀልላለች። በግራ እጇ ጫፉን ትይዝና በቀኝ መዳፏ ከጉልበቷ ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ዓይኗ ፋሻው ላይ አይደለም። መስኮት ሥር ካለው አልጋ ላይ የተኛውን ሰው እያየች ታወራለች። ፋሻው ግን ዳር ዳሩ እኩል ሆኖ፣ ጥብቅ ብሎ ይወጣል። ስትጨርስ መሀሉን በአውራ ጣቷ ጫን ታደርገዋለች። ከሰረጎደ ፈትታው እንደገና ትጀምራለች። «የላላ ፋሻ ሰውዬው ሲገላበጥ ይፈታና ቁስሉ ከአንሶላው ጋር ይጣበቃል። ጠዋት የሚጮኸው እሱ፣ የምሰደበው እኔ» ትል ነበር።

ያኔ ፋሻ አይጣልም። ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ ግቢው ውስጥ በሦስት ገመድ ላይ ይሰጣል። ነፋስ ሲነሳ ያ ሁሉ ነጭ ፋሻ ሲውለበለብ፣ ለጥየቃ የሚመጣ ሰው ከበር ሆኖ ሲያየው ድግስ ያለ ይመስለዋል። ወደ ውስጥ ሲገባ ነው ነገሩ የሚገባው። የቃጠሎ ክፍሉ ከረጅሙ ኮሪደር መጨረሻ ነበር፤ አሥራ አራት አልጋ፣ አንድ የማጠቢያ ክፍል፣ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ አንድ ትልቅ የቆርቆሮ ገንዳ። የቫዝሊኑና የተቀቀለው ጨርቅ ሽታ እስከ ደረጃው ድረስ ወርዶ ሰውን ይቀበላል። ዛሬም አንድ ቦታ ያ ሽታ ሲያጋጥመኝ ቆም እላለሁ።

በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ወረቀት ላይ ድሬሰር ናት፤ ቁስል የምታጥብ፣ የምታሽግ። «ሲስተር» ሲሏት «ሲስተሯ ወዲያ ናት፣ እኔ ድሬሰር ነኝ» ትላለች። በሽተኞቹ ያወጡላት ስም እትዬ ቀና ነው። ጠዋት ስትገባ ሰላምታዋ «ቀና በሉ!» ነበራ። ከዚያ በየአልጋው እየዞረች፦ «ቀና በል አንተ። ቀና በይ የኔ እመቤት።»

ይህን የምትለው ለማጽናናት ብቻ አልነበረም። አንገቱ ወይም ብብቱ የተቃጠለ ሰው ወደ ተጎዳበት በኩል መታጠፍ ይወዳል። ሲታጠፍ ሕመሙ ቀለል ይልለታል። ቁስሉ እየደረቀ ሲሄድ ግን እንደታጠፈ ይይዘዋል። ጠባሳ ሲጠና ይሰበሰባል፤ ክንድን ከጎን፣ ጣትን ከመዳፍ፣ አገጭን ከደረት ይሰፋል። የእሷ ጠላት ይህ ነበር። መግሉን በጨው ውሃ ታጥበዋለች፣ ትኩሳቱን ዶክተሩ በመርፌ ያወርደዋል፤ ያ ዝም ብሎ የሚሰበስብ ጠባሳ ግን ሰው ተሻለኝ ብሎ በሚተኛበት ሰዓት ነው ሥራውን የሚሠራው።

ወደዚያ ቤት የገባችው በልብስ አጣቢነት ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና እነዚያኑ ፋሻዎች ስታጥብ ኖረች። አንድ ቀን የቃጠሎ ክፍሉ ሠራተኛ ታሞ ቀረና ገንዳውን እንድትሞላ ጠሯት። ስትሞላ ሰዎቹ የደረቀ ፋሻ ሲላጥላቸው የሚጮኹትን ጩኸት ሰማች። «እንዲህ አድርጌ ጨርቅ ብላጥ አለቃዬ ታባርረኝ ነበር» አለች አሉ። «ጨርቅ እንኳን ሲጣበቅ ይነከራል።» በሽተኞቹ ረጅሙ ዶክተር የሚሉት፣ ያን ጊዜ ገና ወጣት የነበረው ሐኪም ሰማትና «እስቲ አንቺ አድርጊው» አላት። ነክራ፣ ጠብቃ፣ በጣቷ ጫፍ ከዳር እያላቀቀች አንዷን ሴት አንድም ጊዜ ሳታስጮህ ፈታቻት። ልብስ ቤቱ መልሶ አላገኛትም። በኋላ ኮርስ ወሰደች፣ ወረቀት አገኘች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያው ሠራች።

ስድብ መቻል ታውቅበት ነበር። አራተኛው አልጋ ላይ ሁለት እጁ የተቃጠለ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ እጁን ስታፍታታው ዘሯን ቆጥሮ ይሰድባታል።

«ይሄን ትናንትም ብለኸዋል» ትለዋለች ጣቱን አንድ በአንድ እየዘረጋች። «ስድብህ አልቆብሃል ማለት ነው። ነገ አዲስ ካላመጣህ አላጥብህም።»

ሹፌሩ እያለቀሰ ይስቃል።

እኔ ያወቅኳት በልጅ ልጄ ምክንያት ነው። ሚጢጢ ሰባት ዓመቷ ነበር። ቡታጋዙ አጠገብ ስትጫወት ቀሚሷ ተያያዘ፤ ከአገጯ እስከ ደረቷ፣ በግራ በኩል እስከ ጆሮዋ ሥር ተቃጠለች። ልጄ አራስ ስለነበረች አስታማሚ ሆኜ የገባሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት እንዴት እንዳለፍነው አላውቅም። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠፋ። ግሉኮስ በሁለት እጇ ይወርዳል። ረጅሙ ዶክተር «አሁን የምንታገለው ውሃዋ እንዳያልቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከመግሉ ጋር ነው» አለኝ። እንዳለውም ሆነ። ውሃው ተገታ፣ መግሉ መጣ። ከጭኗ ቆዳ ወስደው አንገቷ ላይ ለጠፉላት፤ ቁስሉ አመርቅዞ ስለነበር አልያዘም፣ በአራተኛው ቀን እንደ እርጥብ ወረቀት ተነሳ። «ይጽዳና እንደገና እናያለን» አሉኝ።

ሚጢጢ ከእኔ እጅ አትበላም። እትዬ ቀና እንቁላል ይዛ ስትመጣ አፏን ትከፍታለች። እኔ ሳቅፋት ታለቅሳለች፤ ያቺ ገንዳ ውስጥ ስትነክራት ዝም ትላለች። እውነቱን ልጻፈው፤ ቀናሁ። ቀና በሉ በምትለው ሴት ቀናሁ። በየጠዋቱ የተጠቀለለ አንሶላ ከልጅቷ ትከሻ ሥር እያደረገች ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ስታጋድማት፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት የማንስ መሰለኝ።

አንድ ቀን መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«እናቴ፣ ለሃያ ቀን የዓመት ፈቃድ ልወጣ ነው። ወላጆቼ ጋ ደርሼ እመጣለሁ። የምትተካኝ ልጅ ከሌላ ክፍል ናት፣ ሁሉን ላትደርስበት ትችላለች። ለእርስዎ ሰሌዳው ላይ ጽፌልዎታለሁ፤ እንደዚያው ያድርጉልኝ።»

«እሺ።»

«አዩት አይደል?»

«አየሁት እንጂ!»

አይቼዋለሁማ። ከሚጢጢ ራስጌ የተሰቀለ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ጠመኔ ሁለት መስመር ተጽፏል። የመጀመሪያው ምልክት መስቀል ስለመሰለኝ የሐኪም ቤት ምልክት ነው ብዬ አለፍኩት። ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ይህንን ለማን ይነግሩታል? በዚያ ላይ ለእሷ!

በሦስተኛው ቀን ሚጢጢ «አያቴ፣ አንገቴን ደከመኝ። ትራስ ስጪኝ» አለች። ትራስ አልነበረም። ሹራቤን አወለቅኩና አጣጥፌ ከጭንቅላቷ ሥር አደረግኩላት። ወዲያው ፊቷ ፈታ አለ። ከተቃጠለች ጀምሮ እንደዚያ ተኝታ አታውቅም። እኔም ደስ አለኝ፣ ኮራሁም፤ ለካ ያቺም የማታውቀው ነገር አለ አልኩ በሆዴ። በማግስቱ ሹራቡን በሁለት አጠፍኩት። ተተኪዋ ልጅ አሥራ አራት ሰው ይዛ ትሮጣለች። ፋሻ ትቀይራለች፣ ትሄዳለች። ቁስሉም በየቀኑ እየጠበበ መጣ። እኔ እያመሰገንኩ እውላለሁ። የጠበበው ቁስሉ ብቻ እንዳልነበረ አላወቅኩም።

እትዬ ቀና በሃያ አንደኛው ቀን ተመለሰች። ከበሩ ላይ «ቀና በሉ!» አለች፣ ሰው ሁሉ ተንጫጫ። በቀጥታ ወደ እኛ መጣች።

«ሚጢጢ፣ ቀና በይ እስቲ።»

«ቀና ብያለሁ።»

«አላልሽም። ጣሪያውን እዪልኝ።»

ልጅቷ ዓይኗን ብቻ ወደ ላይ ሰቀለች። አገጯ ከደረቷ ሁለት ጣት አልራቀም። እትዬ ቀና እጇን ሰዳ ሹራቤን ከሥሯ ሳበችው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«እናቴ፣ ሰሌዳው ምን ይላል?»

ሰሌዳውን ቀና ብዬ አየሁት።

«ምን ይላል?»

«ትራስ ክልክል ነው፣ አንገት ወደ ኋላ ይላል» አለ ሹፌሩ ከአልጋው።

«አንተን ማን ጠየቀህ? ይህን ሁሉ ቀን እያየህ ዝም ብለህ አሁን አነበብክ?» ብላ ጮኸችበት። ከዚያ ወደ እኔ ስትዞር ፊቴን አየችው። «ማንበብ አይችሉም?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«መስቀል መስሎኝ ነው» አልኩ። «አፍሬ ነው። እሺ ያልኩሽ አፍሬ ነው።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ሹራቤን እንደ ፋሻ ጭኗ ላይ ስትጠቀልለው ቆየች።

«እኔ እስከ ሃያ ሦስት ዓመቴ በጣቴ ነበር የምፈርመው» አለች። «ልብስ ቤት ሆኜ ማስታወቂያ ሲለጠፍ እንደ አዋቂ እያየሁ አንገቴን እነቀንቅ ነበር። ረስቼው ነው! እንዴት ይህን ይረሳል ሰው? ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ያን ቀን ሰሌዳውን በእጅጌዋ አጠፋችውና ሥዕል ሣለች። ትራስ፣ ላዩ ላይ ትልቅ ኤክስ። ከዚያ ወዲህ በየአልጋው ራስጌ የምትሰቅለው ሥዕል ሆነ። ሥዕል ግን አትችልም፤ እጇ ለፋሻ እንጂ ለጠመኔ አልተፈጠረም። ከሳምንት በኋላ የገቡ አንድ ሽማግሌ ሁለት ቀን ሙሉ ዳቦ አልነካም ብለው አስቸገሩ። ሲጠየቁ ወደ ሰሌዳው አመለከቱ፦ «ዳቦ ክልክል ነው ተብሎ የለ?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ቀና ትራሷ ላይ ጭንቅላት ጨመረችበት። ሽማግሌው አተኩረው አዩና «አሁን ደግሞ ዳቦው ላይ ዝንብ ዐረፈበት» አሉ።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ሚጢጢ ቁስሏ ዳነ ተብላ ስትወጣ እንዳቀረቀረች ነበር። ዳነ! ያን ቃል ያኔ ጠላሁት። የታች ከንፈሯን ጠባሳው ስለሚስበው አፏ አይገጥምም፣ ሾርባው በአገጯ ይወርዳል። ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳውን ለማየት ከወገቧ ወደ ኋላ ትለጠጣለች። ልጆቹ «መሬት ላይ ምን ጠፋብሽ?» ይሏታል። ይህንን እያየሁ የማድረው እኔ ነኝ። ያጣጠፍኩትም ሹራብ የእኔ ነው።

ጠባሳው እስኪረጋ ብለው ስድስት ወር አቆዩንና እንደገና አስገቧት። ረጅሙ ዶክተር ወንበር ስቦ አስረዳኝ። ጠባሳውን ከዳር እስከ ዳር ይቆርጡታል፤ ሲቆረጥ አንገቷ ይለቀቃል፣ የተከፈተውን ቦታ ከሌላኛው ጭኗ በሚወሰድ ቆዳ ይሸፍኑታል። አስጊው መጀመሪያው ነው። አንገቷ ስለማይዘረጋ የመተንፈሻውን ቱቦ በጉሮሮዋ ለማስገባት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ቦታውን አደንዝዘው ጠባሳውን ቀድመው ይፈቱታል፣ ቱቦው ከዚያ ይገባል። በዚያ መሀል እስትንፋሷ ቢያስቸግር ሁሉንም አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። የሚፈረመውን ወረቀት እትዬ ቀና ከላይ እስከ ታች አነበበችልኝ። በየመስመሩ እየቆመች «ምን አልኩ? ይድገሙልኝ» ትለኛለች። አንድም መስመር አላለፈችልኝም። ፈረምኩ፤ በጣቴ።

አራት ሰዓት ፈጀ። ስትወጣ አንገቷ በጥጥና በፋሻ ተሞልቶ፣ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ተጋድሞ ነበር። አምስት ቀን እንዳትንቀሳቀስ ተባለ፤ ቆዳው ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር እስኪተዋወቅ ድረስ ትንሽ መንሸራተት ሁሉን ያበላሻል። እኔና እትዬ ቀና ተፈራረቅን። ሁለት መዳፌን በጆሮዎቿ ግራና ቀኝ አድርጌ እቀመጣለሁ። ምሳዋን ትታ ትመጣና «ይነሡ፣ እጅዎ ደንዝዟል» ትለኛለች። በሦስተኛው ቀን «ተነሺ» አለችኝ፤ እርስዎ መባል በዚያው ቀረ።

በአምስተኛው ቀን ፋሻው ሊፈታ ሆነ። ረጅሙ ዶክተር ራሱ መጣ፣ ግን እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ፤ የምትፈታው እሷ ናት። ቁስሉን የነካውን ስስ ጨርቅ፣ ጎዙን፣ በሞቀ የጨው ውሃ አራሰችው። ጠበቀች። ደግማ አራሰችው። ዶክተሩ ሰዓቱን ሲያይ «ቀጠሮ ካለህ ሂድ፤ ውሃው ሥራውን አልጨረሰም» አለችው። ወደ አንድ ሰዓት ቆየን። ከዚያ ከዳር ጀመረች፤ አንዱን ድርብ፣ ሌላውን ድርብ። የመጨረሻውን ጎዝ አነሳች። የመጀመሪያው ቆዳ ሲነሳ ያየሁት ዓይኔ ፊት ነበር።

ጎንበስ ብላ አየች። በጣቷ ጫፍ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ነጣ አለና መልሶ ቀላ። ቀና አለች።

«ጸድቋል» አለች። የተተከለ ችግኝ ሲይዝ እንደሚባለው ነበር የምትለው። «ከጆሮዋ ሥር አንዲት አዝራር የምታህል ጠቁራለች፣ እሷ ራሷ ትዘጋለች። ሌላው ጸድቋል።»

እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ወንበር ነበር፤ አላየሁትም።

ሥራው ግን ገና ነበር። ዓመት ሙሉ የአንገት መያዣ ታደርጋለች፣ በቀን ሦስት ጊዜ በቫዝሊን ትታሻለች፣ ወደ ላይ ትመለከታለች። ልጅ ደግሞ ባዶ ጣሪያ አያይም። እትዬ ቀና መሰላል አስመጥታ፣ ቀሚሷን በጉልበቷ መሀል ሰብስባ ወጣችና ከአልጋዋ በላይ ራሷ የሣለችበትን ወረቀት ለጠፈች። ከታች መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እየተንቀጠቀጥኩ ስለነበር «አንቺ ከምትይዢው ባዶውን ይቁም» አለችኝ። መያዣው ለመታሸት መጀመሪያ የወለቀ ጊዜ ሚጢጢ አገጯን አነሳች። ከደረቷ ተላቆ፣ ቀስ እያለ፣ ጉሮሮዋ እስኪታይ ድረስ ወደ ላይ ወጣ። ያን ጉሮሮ ካየሁት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ጣሪያውን እያየች። «ውሻ ነው?»

«ላም ናት!» አለች እትዬ ቀና።

«አምስት እግር አላት እኮ።»

«አንዱ ጅራቷ ነው። ዝም ብለሽ እዪ!»

ያን ዕለት ከሰዓት ፋሻ ስንጠቀልል ነገርኳት። «ያኔ ቀንቼብሽ ነበር። ያልጠየቅኩሽም ለዚያ ነው።»

እጇ ቆመ። ከዚያ ሳቋ ፈነዳ። «እሰይ! ሃያ ዓመት ሙሉ ቀና በሉ ስል ኖሬ፣ እሺ ብላ የቀናች አንቺን አገኘሁ!»

ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፣ እዚያው ፋሻ ክምር መሀል። በ«ሀ» አልጀመረችኝም። በ«ት» ጀመረችኝ፤ ቀጥሎ «ራ»፣ ከዚያ «ስ»።

ሚጢጢ አሁን ትልቅ ሴት ናት። ጠባሳ አብሮ አያድግምና በአሥራ ሦስት ዓመቷ አንድ ጊዜ እንደገና ቀደዋታል፤ ያም ጸደቀ። እትዬ ቀና ጡረታ ከወጣች ቆይታለች። ባለፈው ሰሞን ለሌላ ጉዳይ ወደዚያ ሐኪም ቤት ሄድኩ። የድሮው ክፍል ፈርሶ በቦታው የሚያምር ሕንፃ ቆሟል። ገንዳው የለም፣ ገመዶቹ የሉም፤ ፋሻው አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ነው፤ ጥሩ ነው። ግድግዳው ነጭ ነው። በየበሩ በጥሩ ማሽን የታተመ ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ሥዕል ግን አንድም የለም።

ከአንዱ ጽሑፍ ፊት አንድ ትልቅ ሰው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ያዩታል፣ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ዓይናቸው ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም። ያንን አነቃነቅ አውቀዋለሁ።

እናንተ ይህን ያነበባችሁ ማንበብ የምትችሉ ናችሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ። እንደዚያ የቆመ ሰው ስታገኙ «ማንበብ ይችላሉ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ እችላለሁ ይላችኋል። አጠገቡ ቁሙና ለራሳችሁ የምታነቡ መስላችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት።